ፒያሳን ከላይ ወደ ታች፦ የሰፈሮቹ ስም ከየት መጣ?

[ምስል፦ ጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን፣ ጠዋት]

ሰላም ሰላም፣ ዛሬ ፒያሳ ነን፣ ጊዮርጊስ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ ከዚህ ቁልቁል እየወረድን ስለ ሰፈሮቹ ስም እናወራለን። የሚመች ጫማ አድርጉ፣ መውረዱስ ይሁን፣ መመለሻው ነው ጉዱ።

እዚህ ከተማ በመንገድ ስም የሚሄድ ሰው የለም። ታፔላው ተተክሏል ግን ማን ያነበዋል? ባለፈው ምግብ አዝዤ ለሞተረኛው የጎዳናውን ስም ከነቁጥሩ ስነግረው "ወንድሜ እሱን ተወው፣ ምን ጋ ነህ?" አለኝ። ሰባ ደረጃ ጋ ስለው "እንደሱ አትልም!" ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው፣ ወዲያው መጣ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጥንት ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ስትቆረቆር ከከተማ ይልቅ የጦር ሰፈር ነው የምትመስለው፣ ቃሉ ራሱ "ሰፈረ" ከሚለው የመጣ ነው። መኳንንቱ ከምኒልክ መሬት እየተሰጣቸው ጉብታ ጉብታውን ይይዛሉ፣ ወታደሩ አሽከሩ ጠጅ ጣዩ ደግሞ ዙሪያውን ተዳፋቱ ላይ ጎጆውን ይቀልሳል፣ ከዛ ቦታው በጌትየው ስም ይጠራል አለቀ።

[ምስል፦ የምኒልክ ሐውልት]

ይሄ ሐውልት የተመረቀው ጥቅምት 1923 ነው፣ የኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ። አካባቢው አራዳ ይባል ነበር፣ ትልቁ ገበያ እዚህ ነበራ! "የአራዳ ልጅ" የምንለውም ከዚሁ ነው፣ ገበያ መሃል ያደገ ልጅ በቀላሉ አይሸወድም። ጣሊያን ሲገባ ገበያውን ወደ መርካቶ ወሰደው፣ ለእኛ ፒያሳ የሚለውን ስም ትቶልን ሄደ፣ በጣልያንኛ አደባባይ ማለት ነው።

ትንሽ ራቅ ስንል ደጃች ውቤ ሰፈር። ደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ናቸው፣ በአንድ ወቅት የዘውዲቱ ባል የነበሩት። ኋላ ላይ መሸታ ቤቱ በዛና ሰፈሩ ውቤ በረሃ ተባለ፣ በረሃ ሲባል ግን የሚጠጣ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ።

[ምስል፦ ራስ መኮንን ድልድይ]

ድልድዩ በኃይለ ሥላሴ አባት ስም ነው። እዚሁ ጋ ሠራተኛ ሰፈር አለ፣ የእጅ ባለሙያዎቹ የሰፈሩበት፣ ልብ በሉ እዚህ ስሙ የሰው መሆኑ ቀርቶ የሥራ ሆነ። ከፒያሳ ጀርባ ወረድ ስትሉ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፦ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ። እሪ በከንቱ እኮ ስሙ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ብትጮህ የሚደርስልህ የለም ማለት ነው፣ በጨለማ እዛ ያለፈ ሰው ነው ያወጣው ብዬ እገምታለሁ። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው፣ ቁልቁለቱን ስትወርዱ ማዕረጉም አብሮ ይወርዳል፣ ላይ ቅዱስና ንጉሥ፣ መሃል ደጃዝማች፣ ታች ዶሮ።

ቸርችል ጎዳናን ሳልጠቅስ ብሄድ ኮሜንት ላይ ትገሉኛላችሁ። ከማዘጋጃ ቤት በቴዎድሮስ አደባባይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ለገሃር ይወርዳል፣ ለገሃርም ከፈረንሳይኛው "ላ ጋር" ነው፣ ባቡር ጣቢያ። እንግዲህ ከተዋጣላቸው ጥቂት የጎዳና ስሞች አንዱ እሱ ነው።

[ምስል፦ አዲሱ የእግረኛ መንገድ]

ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ በ2016 ለኮሪደር ልማት ፈርሰዋል። ባለፈው ሳምንት እማዬ ደውላ "ዶሮ ማነቂያ ጋ ጠብቀኝ" አለችኝ። ሄጄ ቆምኩ፣ መብራት፣ አበባ፣ የሳይክል መንገድ። ከታክሲ ወርዳ ግራ ቀኝ አየችና "አንተ፣ የት ሄደህ ቆምክ?" አለችኝ፣ ቦታውማ ልክ ነበር።