ሌንሱ ውስጥ ያለው አቧራ

[ምስል፦ የስልክ መብራት የበራበት ሌንስ፣ ከቅርብ]

ያገለገለ ሌንስ ልትገዙ ነው እንበል። የስልካችሁን መብራት ከኋላ አብርታችሁ በፊት በኩል አጮለቃችሁ። ጉድ! ውስጡ ወፍጮ ቤት መስሏል።

ተረጋጉ። እንዲህ ከተበራበት አዲስ ሌንስም ጥቂት ብናኝ አያጣም። (ዋጋ ለማስቀነስ ግን ጥቀሱት፣ ችግር የለውም።) ማስፈራት ያለበት ሻጋታ ነው፤ እሱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰራጭቶ ነው የሚታየው። ካያችሁ አትግዙ።

አቧራው በየት ገባ? ብዙ ዙም ሌንሶች ሲዞሩ አፍንጫቸው ወጣ ገባ ይላል። ሲወጣ ውስጡ ይሰፋና አየር ይስባል፤ ሲገባ መልሶ ይተነፍሳል። የአንጥረኛ ወናፍ በሉት። አየሩ ይወጣል፣ አቧራው ግን አንዳንዴ እዚያው ይቀራል። በፈረንጆቹ 1998 የወጣው የካኖን 100-400 ሌንስ ዙሙ በመግፋትና በመሳብ ነበር የሚሠራው። ፎቶ አንሺዎች «የአቧራ ፓምፕ» እያሉ ቀለዱበት። መገጣጠሚያው ላይ ጎማ ያላቸው ሌንሶችም አቧራውን ይቀንሱታል እንጂ ጨርሰው አይከለክሉትም።

ፎቶው ላይስ? አብዛኛውን ጊዜ ምንም። ካሜራው የሚያተኩረው ራቅ ያለው ሰው ላይ ነው፤ የፊተኛው መስታወት ላይ ያለች ብናኝ ደብዝዛ ትጠፋለች። አቧራው በጣም ከበዛና ፀሐይ ፊት ለፊት ከመጣች ፎቶው ትንሽ ጭጋግ ሊለብስ ይችላል። የኋለኛው መስታወት ግን ለሴንሰሩ (ምስሉን ለሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ቅርብ ስለሆነ እሱን በደንብ ጠብቁት።

[ምስል፦ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ላይኛው ግራ ጥግ ላይ ጥቁር ነጥብ]

ይቺስ? ይቺ የሌንሱ ላትሆን ትችላለች። አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) አጥብባችሁ ኤፍ 22 ላይ አድርጉና ሰማዩን ሆን ብላችሁ ከፎከስ ውጭ አንሱት። ሌንስ ቀይራችሁ ድገሙት። ነጥቧ ከቦታዋ ንቅንቅ ካላለች ሴንሰሩ ላይ ናት። ምስሉ ሴንሰሩ ላይ ተገልብጦ ስለሚያርፍ፣ ሴንሰሩን ከፊት ለፊት ስታዩት ታችኛው ግራ ላይ ፈልጓት። በአፋችሁ እፍ እንዳትሉ ብቻ፤ ምራቅ ከአቧራ ይብሳል። የእጅ መንፊያ ይበቃል።

አንድ ወዳጄ ሦስት ብናኝ እንቅልፍ ነስታው ሌንሱን አስከፈተ። ብናኟ ወጣች። ሲገጣጠም ግን አንዱ መስታወት ለጥቂት ተዛነፈ። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ላይ በቀኝ በኩል የሚቆሙት ሚዜዎች ሁሉ ድብዝዝ ናቸው።