ዝናቡ ሲበረታ "ቁሙ" የሚለው ማነው?

ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ነባሮቹም አዲሶቹም። የዓመቱን ሪፖርት ጸሐፊያችን ያቀርብላችኋል፣ የሒሳቡን ነገር ገንዘብ ያዣችን በዝርዝር ይነግራችኋል፤ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። የተሰጠችኝን ጊዜ በሙሉ አንድ ጉዳይ ላይ አውላታለሁ። በብስክሌት ረጅም መንገድ ስንጓዝ አየሩ ከከፋ፣ ጉዞው ይቁም ብሎ የሚወስነው ማነው?

እስካሁን የሚወስነው ከፊት ያለው ነው። ጉልበተኛው፣ መንገዱን የሚያውቀው። ዶፉ ሲወርድ ዞር ብሎ "እንዴት ናችሁ?" ይላል፣ ሁሉም "አለን!" ይላል፣ ጉዞው ይቀጥላል። ይሄ አካሄድ መቀየር አለበት። እንዲሁ ስለመሰለኝ አይደለም፣ ብርድ ሰውን እንዴት እንደሚይዝ ስለምናውቅ ነው።

ፊተኛው ነፋሱን እየሰበረ ይለፋል፣ ስለሚለፋም ይሞቀዋል። ተከታዩ ግን ነፋሱ ተከልሎለት ቀለል አድርጎ ይነዳል፤ ስለዚህ ሰውነቱ የሚያመነጨው ሙቀት ያንሳል፣ በዚያ ላይ ከፊቱ ያለው ጎማ የሚረጨው ውሃ ፊቱና ደረቱ ላይ ያርፋል። (ፓራፋንጎ ግጠሙ እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው፤ ጥቅሙ ከእናንተ ይልቅ ከኋላችሁ ላለው ሰው ነው።) እንግዲህ በአንድ ዝናብ ውስጥ፣ በአንድ መንገድ ላይ፣ ሁለቱ ሰዎች ያሉት በተለያየ አየር ውስጥ ነው። የሚወስነው ደግሞ የሞቀው ሆኗል።

የፊት ነፋስ ብቻውን ጉልበት ይጨርሳል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ 15 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ቢመጣ፣ አየሩ የሚገፋችሁ ነፋስ ከሌለበት ቀን 4 እጥፍ ነው። እጥፍ አይደለም፣ 4 እጥፍ። ጎንና ጎን ሻንጣ ለጫነ ብስክሌት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ በካርታው ላይ "ትንሽ ቀረን" የምንላት ርቀት በዚያ ቀን ትንሽ አይደለችም፤ የመድረሻ ሰዓታችን ሁሉ ይፈርሳል፣ ጨለማውም ከዝናቡ ጋር ተደርቦ ይመጣል።

ከሁሉ የምፈራው ግን ዳገቱን አይደለም፣ ቁልቁለቱን ነው። ዳገት ላይ ሁላችንም ላብ በላብ ነን። የዝናብ ልብሱ ከላይ ውሃ ቢከለክልም ላባችን ከውስጥ ያረጥበናል። ጫፍ ላይ ስንደርስ፣ በየ1000 ሜትሩ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ገደማ እየቀዘቀዘ ወደሄደ አየር ገብተናል። ከዚያ ቁልቁል እንለቀዋለን። ቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ እያለ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብትወርዱ፣ ፊታችሁና እጃችሁ የሚሰማቸው ከዜሮ በታች ያለ ብርድ ነው። እግር ደግሞ አይሠራም፣ ሙቀት የለም። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል፤ የጥጥ ልብስ የለበሰ ሰው ያንን ውሃ ቆዳው ላይ ለጥፎ ነው የሚወርደው። ደረቁን ልብስ ጫፉ ላይ ቆማችሁ ልበሱ። ሜዳው ላይ ስንደርስ እለብሳለሁ ያለ ሰው ከቁልቁለቱ በኋላ ዚፑን መክፈት ያቅተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ነገሩ ሕመም ነው። መጀመሪያ መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ ከዚያ ጣት እምቢ ይላል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ ማሰብም አብሮ ይሄዳል። በጣም ሲብስ መንቀጥቀጡ ጭራሽ ይቆማል፤ የማያውቅ ሰው "ተሻለው" ይላል፣ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ስለዚህ በዚያ ሁኔታ ላይ ያለን ሰው "እንዴት ነህ?" ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። የሚመልስልን ጭንቅላቱ ነው፣ እሱ ደግሞ ቀድሞ ደክሟል። "አለሁ" ማለቱ አይቀርም። ባለፈው ጉዟችን ላይ ከኋላ የነበረች እህታችን እስከ መጨረሻው "ደህና ነኝ" ስትል ቆይታ፣ የራስ ቁሯን ማሰሪያ መፍታት አቅቷት ሌላ ሰው ፈታላት። ሲሆን አይታችኋል። ይልቅ አውራ ጣቱን ከትንሿ ጣቱ ጋር እንዲያገናኝ ጠይቁት። ካቃተው ጉዞው አለቀ።

መብረቅን በተመለከተ ክርክር እንዲኖር አልፈልግም። ነጎድጓድ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስብን ይችላል። ሜዳ ላይ አንነዳም፣ ዛፍ ሥር አንጠለልም፣ የላስቲክ ጎማውም አያድነንም። ጠንካራ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ገብተን ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ እንጠብቃለን። ፍሬንም እንደዚሁ፤ ቸርኬ ላይ የሚይዝ ፍሬን ያላችሁ፣ የፍሬኑ ላስቲክ ውሃውን ከቸርኬው ጠርጎ እስኪይዝ ድረስ ርቀት እንደሚበላ አስቡና አስቀድማችሁ ነካ ነካ አድርጉት። በቂ ነው፣ ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

"መቆም ሽንፈት ነው" የሚሉ ወንድሞች እንዳሉ አውቃለሁ፣ ስሜታቸውም ይገባኛል፤ ለወራት የተዘጋጁበትን መንገድ ለዝናብ መልቀቅ ያማል። ግን ቶማስ ስቲቨንስን አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1884 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስቶ፣ የፊት ጎማዋ ከሰው ደረት በሚደርስ በዚያ በድሮዋ ብስክሌት ዓለምን የዞረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። መለወጫ ሸሚዝና ካልሲ፣ እንዲሁም ድንኳንም መኝታም የምትሆነው የዝናብ ካፖርት ይዞ ነበር። ይሄ ሰው የመጀመሪያውን የብርድ ወራት ኒው ዮርክ፣ ቀጣዩን ቴህራን ተቀምጦ አሳለፈ። በ1886 መጨረሻ ዮኮሃማ ገባ። ስለቆመ ማንም ስሙን አልፋቀበትም።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይሄ ነው። ከአሁን በኋላ በማንኛውም ጉዟችን ላይ፣ ማንም አባል፣ ትናንት የገባም ቢሆን፣ "ይበቃናል" ካለ ሁላችንም እንቆማለን። ምክንያት አይጠየቅም። "ትንሽ ብንታገሥ" የሚል አይኖርም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በብርድ መንገድ ላይ ግን ዝምታ ይነቅዛል፣ ሰውም ይዞ ይሄዳል። በየሰዓቱ ደግሞ ፊተኛው ወደ ኋላ ሄዶ ከመጨረሻው ሰው ጎን ጥቂት ይንዳ፣ ዓይን ለዓይን ይተያዩ፣ ጣቱን ይይለት። ከመነሳታችን በፊትም በየመንገዱ መጠለያ የሚሆኑ ቦታዎች ካርታው ላይ ምልክት ይደረግባቸው፤ የት እንደሚቆም ሳያውቅ "ቁሙ" የሚል ሰው አይገኝምና።

ይሄ ጉዟችንን ያዘገየዋል። አዎ፣ አንዳንዴም ያሰብንበት ሳንደርስ እንመለሳለን። እኔ ይህን ከልቤ እቀበላለሁ፣ እናንተም እንድትቀበሉልኝ እለምናለሁ። ከሪፖርቱ በፊት ድምፅ እንስጥበት። የምትቃወሙ ካላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ መድረኩ የእናንተ ነው።