ኤርፎኑን ከማማታችሁ በፊት ውታፉን እዩ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? እኔ ከደሴ ነኝ። ጦሳ ጉም ለብሷል፣ እኔ ጋቢ ለብሻለሁ፣ ራቁቱን ያለው ማይኩ ብቻ ነው።

ባለፈው ቪዲዮ ስር ግማሾቻችሁ የጻፋችሁት አንድ ነገር ነው። «የትኛውን ኤርፎን ልግዛ?» በቃ። ስንት ብር እንደያዛችሁ የለም፣ የት እንደምትሰሙ የለም፣ ምን እንደምትሰሙ የለም። ይሄ እኮ ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዶ «የትኛውን ከብት ልግዛ?» እንደማለት ነው። ለእርሻ? ለወተት? ለእርድ? እዚያ እኮ ግመልም አለ!

ወደ ዋጋውም ወደ ስሙም እንደርሳለን። መጀመሪያ ግን ይቺን ጀበና እዩልኝ።

(ጀበናዋ ወደ ካሜራው ትጠጋለች)

የእናቴ ናት። ከተሰበረች ቻናሉም አብሮ ተሰበረ፣ ስለዚህ ሰብስክራይብ የምታደርጉ አሁኑኑ አድርጉ። አፏ ላይ ያለችውን ውታፍ አያችኋት? የዛሬው ቪዲዮ እሷ ናት። እናቴ ቡናውን ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ ታፈላለች፣ እስኪሰክን ትጠብቃለች። ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ ውታፏ ከላላች አተላው ተከትሎ ሲኒ ውስጥ ይገባል። ቡናው ያው ቡና ነው። ጀበናዋም ያቺው ናት። ጎረቤት ግን «ዛሬ ቡናው ምን ነካው?» ነው የሚለው፣ «ውታፏ ላልታ ነው» የሚል አንድ ሰው የለም። የሚታማው ቡናው ነው!

ጆሮ ውስጥ በሚገባ ኤርፎን ጫፍ ላይ ያለችው ጎማም ውታፍ ናት። ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዝ የምንለው፣ በጎማዋና በጆሯችሁ መሀል ክፍተት ካገኘ ሾልኮ ይወጣል። ቀጭኑ ብቻ ይቀራል። ያኔ ኤርፎኑ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። እናንተም «ቤዝ የለውም፣ ኮፒ ነው» ትላላችሁ። የሚታማው ኤርፎኑ ነው!

እኔ ራሴ አንዱን ኤርፎን አንድ ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ወርውሬው ነበር። ሻጩን ስረግም ነው የከረምኩት። አንድ ቀን ከሌላ ኤርፎን የተረፈች ተለቅ ያለች ጎማ አጠለቅኩለት፣ ከበሮው መጣ! ሻጩ ይቅር ይበለኝ። ቀኝ ጆሮዬ ትልቁን ጎማ ነው የሚፈልገው፣ ግራው መካከለኛውን። ከአንድ እናት ተወልደው ተለያዩ፣ ምን ይደረግ።

ሙከራው ቀላል ነው። ኤርፎኑን አድርጉና ከበሮ ያለበት ዘፈን ክፈቱ። ከዚያ በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ጫን በሉት። ከበሮው ድንገት ከጎለበተ ጎማው አልገጠመም ማለት ነው። ካርቶኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሦስት ልክ አለ፣ ሦስቱንም ሞክሩ። ስታስገቡ ደግሞ በሌላኛው እጃችሁ ጆሯችሁን ወደ ላይ ሳብ አድርጉት፣ ቀዳዳው ቀና ይልላችኋል። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን አድርጉ። ያው ውታፍ ነው፣ ዛሬ ውታፍ ውታፍ እያልኩ ነው የማመሸው።

እሺ፣ ቴክኒኩ። ይሄን በሩጫ። ካርቶኑ ላይ «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» (ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ) የሚለው የጤነኛ ወጣት ጆሮ የመስማት ወሰን ነው፣ የጥራት ምስክር ወረቀት አይደለም፣ ሁሉም ይጽፈዋል። ኦም፣ የኤርፎኑ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ነው፣ 16 ወይም 32 ከሆነ ስልካችሁ ይችለዋል፤ 250 ወይም 300 ከሆነ አብዛኛው ስልክ ያቅተዋል፣ አምፕ (ማጉያ) ይፈልጋል፣ ሴንሲቲቪቲውም፣ በትንሽ ጉልበት ምን ያህል እንደሚጮህ ማለት ነው፣ አብሮ ይታያል። ድራይቨሩ (ድምፁን የሚያወጣው ክፍል) ትልቅ ስለሆነ ብቻ ቤዙ አይበልጥም። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ የሚልክባቸው ስልቶች አሉት፦ ኤስቢሲ ሁሉም ጋ አለ፣ አይፎን ኤኤሲ ይጠቀማል፣ ኤልዳክ በሰከንድ እስከ 990 ኪሎቢት ይወጣል፣ ግን ስልኩም ኤርፎኑም ካልቻሉት እንደሌለ ቁጠሩት። ጀርባው ዝግ የሆነ ሄድፎን ድምፅ ብዙም አያስወጣም፤ ጀርባው ክፍት ከሆነ አጠገባችሁ ያለው ሰውም አብሯችሁ ይሰማል፣ በምትኩ ሙዚቃው ቤት ውስጥ የሚጫወት ነው የሚመስለው። አለቀ። ያልገባው መልሶ ይየው።

ሱቅ ስትገቡ ሻጩ የራሱን ዘፈን ከፍቶ ድምፁን ጥግ ያደርሰዋል። አትሸወዱ! ጮክ ያለ ነገር ሁሉ ለጆሮ የተሻለ ይመስላል። ድምፁን ዝቅ አድርጉና የምታውቁትን ዘፈን በራሳችሁ ስልክ ክፈቱ። እኔ ሁለት ነገር ነው ይዤ የምሄደው። አንደኛው በማሲንቆ የተጫወተ አምባሰል። (ከአራቱ ቅኝት ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በእኛ አገር ስም ነው የሚጠሩት፣ ትንሽ ልኩራ።) የማሲንቆ ክር የፈረስ ጭራ ነው፣ መምቻውም የፈረስ ጭራ ነው። ጭራ ጭራን ሲፈትግ አንዲት ሻካራ ትንፋሽ አለች፣ እሷን ካልሰማሁ አልገዛም። ሁለተኛው መንዙማ ነው። ድቤው የመሪውን ድምፅ ከዋጠው ቤዙ በዝቷል፣ አስቀምጡትና ውጡ። ቤዝ እንደ ጨው ነው፣ ሳይበዛ።

አሁን ወደ ዋጋ ልገባ ነበር፣ ግን ያ ኮመንት አላስተኛኝም። «ብሉቱዝ ኤርፎን አንጎል ያቃጥላል፣ ለምን ታስተዋውቃለህ?» የሚለው። አንድ ሰው ቢሆን ዝም እል ነበር፣ ሠላሳ ምናምን ሰው ላይክ አድርጎታል። አክስቴ ሳትቀር ደውላ «ጆሮህ ውስጥ ጨረር ትከታለህ አሉ» አለችኝ።

እሺ አክስቴ፣ ስሚኝ። ብሉቱዝ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ሴል ሰብሮ የሚገባ የኤክስሬይ ዓይነት ጨረር አይደለም። ጉልበቱም በሚሊዋት ነው የሚቆጠረው፣ ብዙዎቹ ኤርፎኖች ጥቂት ሚሊዋት ብቻ ናቸው። ጆሮሽ ላይ ለጥፈሽ አንድ ሰዓት ሙሉ የምታወሪበት የቱጂ ስልክ ግን ሲልክ ለአፍታ እስከ 2 ዋት ይወጣል፣ 2,000 ሚሊዋት ማለት ነው! አሁን ማን ነው መፈራት ያለበት? ስልኩም ቢሆን በተፈቀደው ልክ ተሠርቶ ነው የሚሸጠው፣ ላስፈራራሽ አይደለም። ብሉቱዝ ስታደርጊ እንዲያውም ስልኩ ቦርሳሽ ውስጥ ይሆናል፣ ከጭንቅላትሽ ራቀ።

መፈራት ያለበት ድምፁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው 80 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። 90 ላይ ግን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ! በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይወርዳል። ድምፅ የሚቀበሉት የውስጥ ጆሮ ፀጉር ሴሎች ከሞቱ ደግሞ አይበቅሉም። ከደሴ አዲስ አበባ አውቶቡስ ውስጥ ድምፁን ጥግ አድርጎ የሚሄድ ልጅ፣ ሽቦ ይኑረው ብሉቱዝ፣ የሳምንት ድርሻውን ገና አዲስ አበባ ሳይገባ ነው የሚጨርሰው። ለምን ጥግ አደረገው? ሞተሩ ስለሚጮህ። ሞተሩ ለምን ገባ? አያችሁ፣ ተመልሰን ውታፍ ላይ መጣን።

ኖይዝ ካንስሊንግ እዚህ ጋ ነው ዋጋ ያለው። የሞተርን፣ የጀነሬተርን ጉምጉምታ በተቃራኒ ሞገድ ያጠፋዋል። የረዳቱን ጩኸት ግን አያጠፋም። ያንን የሚያጠፋ ገና አልተሠራም።

በሉ ዋጋ። በብር አልናገርም፣ ቪዲዮውን ኤዲት አድርጌ ሳልጨርስ ይለወጣል። የውጭውን ዋጋ እነግራችኋለሁ፣ ከላዩ ላይ የሚጨመረውን እናንተ ጨምሩ።

ገንዘቡ ጠበብ ያለ ተማሪ፣ ዶርም ውስጥ ስምንት ሆናችሁ የምትኖሩ፣ ባለ ሽቦ ግዙ። ርካሽ ብሉቱዝ ላይ ገንዘባችሁ ለባትሪ፣ ለቺፕና ለማስቀመጫው ሳጥን ይከፋፈላል፤ ባለ ሽቦው ላይ ያለው ገንዘብ በሙሉ ድምፁ ላይ ነው። ሙንድሮፕ ቹ 20 ዶላር አካባቢ ነው፣ እኔ በዚያ ዋጋ እሱን የሚያስንቅ አልሰማሁም። ስልካችሁ ክብ ቀዳዳ ከሌለው የታይፕ ሲ ማገናኛ ጨምሩ። አይፎን በ2016 ቀዳዳውን ካነሳ ወዲህ ብዙዎቹ ተከተሉት፣ እኔ እስካሁን ቂም አለኝ።

ቪዲዮ ኤዲት የምታደርጉ፣ ድምፅ የምትቀዱ፣ ሶኒ ኤምዲአር-7506። ከ1991 ጀምሮ አለ፣ 100 ዶላር አካባቢ ነው፣ ጀርባው ዝግ ነው። ስህተትን ያጋልጣል። ለመዝናናት ስትሰሙት ግን ቀጭኑ ድምፅ ትንሽ ይወጋል፣ ይሄ የእኔ ጆሮ ነው።

ፀጥ ያለ ቤትና ገንዘብ ያላችሁ ጥቂቶች፣ ሰንሃይዘር ኤችዲ 600። ከ1997 ጀምሮ ነው፣ 300 ኦም ነው፣ ጀርባው ክፍት ነው። አምፕ ግዙ። ዶርም ይዛችሁ ብትገቡ ሰባቱም አብረው ያዳምጣሉ፣ ቀጥሎ ያባርሯችኋል።

አባታችሁ ሬዲዮና ዜና ለሚሰሙበት ያቺን ፍሬ የምታክል ሽቦ አልባ ኤርፖድ አትስጧቸው። ቻርጅ ማድረግ ይረሳሉ፣ አንዷ አልጋ ስር ትገባለች፣ ፍለጋው የእናንተ ነው። ቀለል ያለ፣ ጆሮ ላይ የሚቀመጥ፣ ባለ ሽቦ ይበቃል። ኮስ ፖርታ ፕሮ ከ1984 ጀምሮ መልኩን ሳይቀይር ይሸጣል፣ 50 ዶላር አካባቢ ነው፣ የአባቴ ጆሮ ላይ ያለው እሱ ነው። ድምፁን በየጊዜው ጨምሩልኝ ካሉ ግን ሌላ ኤርፎን አትፈልጉ፣ ጆሯቸውን አስመርምሩ።

(ከውጭ ድምፅ፦ «ጀበናዬን የት አደረስካት?»)

መጣሁ እማዬ! በሉ፣ የጎማ ሙከራውን ያደረጋችሁ የትኛው ልክ እንደገጠማችሁ፣ ግራና ቀኝም ተለያይቶባችሁ እንደሆነ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። አክስቴ፣ አንቺም ጻፊ።