ከሦስት ደብተር የሚጀምር ኢንስፔክሽን

የተከበራችሁ ርዕሳነ መምህራን፣ ሱፐርቫይዘሮችና የትምህርት ባለሙያዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

ዛሬ የምናገረው ስለ ተማሪ ደብተር ነው። የትምህርት ቤቶችን ደረጃ የሚመዝነው ኢንስፔክሽንም ሥርዓተ ትምህርቱም የሚገናኙት እዚያ ላይ ነውና።

የኢንስፔክሽን ማዕቀፉ 26 ስታንዳርዶች እንዳሉት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ክብደቱን ግን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም፤ ግብዓት (እንደ ቤተ ሙከራና መጽሐፍ ያለው) 25፣ ሂደት (መማር ማስተማሩ) 35፣ ውጤት 40 በመቶ ነው። እስቲ እናስላው። ቤተ ሙከራ የሌለውና መጽሐፍ ያነሰው ትምህርት ቤት በግብዓት 40 በመቶ ቢያገኝ 10 ነጥብ ያዘ ማለት ነው። በሂደት 90፣ በውጤት 80 ካመጣ 31.5 እና 32 ይጨመርለታል፤ ድምሩ 73.5 ሆኖ ደረጃ 3 ይገባል። ግብዓቱን 90 አድርሶ በሂደትና በውጤት 55 ላይ የቆመው ደግሞ 63.75 ይዞ ደረጃ 2 ላይ ይቀራል። በጀት አትጠይቁ ማለቴ አይደለም፤ ቤተ ሙከራ ለልጆቻችን ይገባቸዋል። ነገር ግን እስኪሠራ ድረስ የሂደቱ 35 በእጃችን ነው።

ሂደት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አርብ ከሰዓት ነው። የሳምንቱ ዕለታዊ ዕቅዶች ተከምረው ይመጣሉ፣ ይፈረምባቸዋል፣ ፋይል ይገባሉ። ሰኞ ክፍል ውስጥ የተሰጠውን ማን አየው? ስለዚህ ከአንድ ክፍል ሦስት ደብተር ውሰዱ፦ የጎበዝ፣ የመካከለኛና ዝቅተኛ ውጤት ያለው ተማሪ። ከዕቅዱ ጎን ዘርግታችሁ ቀኑን፣ ርዕሱንና የክፍል ሥራውን አስተያዩ። ዕቅዱ ምዕራፍ 4 ብሎ ደብተሩ ምዕራፍ 3 አጋማሽ ላይ ከሆነ ትምህርቱ ወደ ኋላ ቀርቷል። ማስታወሻው በሦስቱም ላይ ተሟልቶ፣ የታረመው የጎበዙ የክፍል ሥራ ብቻ ከሆነ፣ መምህሩ ያስተማረው ለፊተኛው ወንበር ነው። ይህ ሁሉ ከ15 ደቂቃ አያልፍም። መምህሩን ለመክሰስ ከተጠቀማችሁበት ግን በሚቀጥለው ጊዜ ለእናንተ ተብሎ የተዘጋጀ ደብተር ነው የሚመጣላችሁ። በዚያው ቀን ለብቻው አነጋግሩት፤ የሚስተካከለውንም አንድ ነገር ብቻ ተስማሙ።

ወደ ይዘት ሽፋን ልለፍ። በሳምንት 4 ክፍለ ጊዜ ያለው ትምህርት በ36 ሳምንት 144 ክፍለ ጊዜ ይሆናል። ከዚህ ላይ የፈተና ሳምንታትን፣ መስቀልን፣ ገናን፣ ጥምቀትን፣ ዓድዋን፣ ኢዶችን፣ የስብሰባ ቀናትን ቀንሱ። 20 ክፍለ ጊዜ ቢጎድል የ5 ሳምንት ትምህርት ጠፋ ማለት ነው። ዓመታዊ ዕቅዱ ግን በ144ቱ ከተሠራ የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ሰኔ ላይ መታጠፋቸው አይቀርም። በመስከረም፣ በ124 አስሉት፤ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ማብቂያ ቀን ጻፉለት። በዓል ደጋግሞ በአንድ ቀን ሲውል የሚጎዳው ያው አንድ ክፍል ነውና ማካካሻውን ለይታችሁ ያዙ።

7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ሌላ ችግር አለ። ጠቅላላ ሳይንስ ባዮሎጂን፣ ኬሚስትሪንና ፊዚክስን በአንድ መጽሐፍ ይዟል፤ የሚያስተምሩት መምህራን ግን አብዛኞቹ የሠለጠኑት በአንዱ ነው። ባዮሎጂ ያጠና መምህር የሰው አካልን ሁለት ሳምንት አስተምሮ የፊዚክሱን ምዕራፍ በሦስት ቀን ሊያልፈው ይችላል። ስንፍና አይደለም፤ የማያውቀውን ማንም ይሸሻል። ሁለት መምህራን ካሏችሁ ምዕራፎቹን በየሙያቸው አከፋፍሏቸው። አንድ ብቻ ከሆነ የዓመቱን 60 ሰዓት ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ በዚያ ምዕራፍ ላይ አውሉት፤ ከጎረቤት ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ለአንድ ከሰዓት ተዋሱ።

ይህን ሁሉ የምለው ውጤቱን እያሰብኩ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። የወደቁትም በየትምህርት ቤታቸው እያለፉ፣ ሮስተር (የተማሪዎች የዓመቱ ውጤት መዝገብ) ላይ "ተዛውሯል" እየተባለላቸው የመጡ ልጆች ናቸው። ይህ ሊያንገበግበን ይገባል።

ከሻይ በኋላ በክላስተር፣ ማለትም ከጎረቤት ትምህርት ቤቶች ጋር በቡድን፣ ስትቀመጡ ይዛችሁ የመጣችሁትን የ8ኛ ክፍል ሮስተር ቅጂና የክልል ፈተና ውጤት አውጡ። ለእያንዳንዱ ትምህርት ሁለቱን አማካዮች ጎን ለጎን ጻፉ። ልዩነቱ ከሁሉም የሰፋበትን አንድ ትምህርት ምረጡና የተከታታይ ምዘና ጥያቄዎቹን አንብቡ፤ ስንቶቹ ማስታወሻን በቃል ማስታወስ ብቻ እንደሚጠይቁ ቆጥራችሁ ቁጥሩን ለመድረኩ አምጡ።