የስኪዞፍሬንያ የዘረመል ጥናቶች ስለምን ተጣረሱ?

የተከበራችሁ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች፣ ተማሪዎችና የታማሚ ቤተሰቦች፤

እ.ኤ.አ. በ1988 ኔቸር የተሰኘው የሳይንስ መጽሔት በአንድ እትሙ እርስ በርስ የሚጣረሱ ሁለት ጥናቶችን ይዞ ወጣ። አንደኛው የአይስላንድና የእንግሊዝ ቤተሰቦችን መርምሮ አስተሳሰብንና እውነታን የመረዳት ችሎታን ለሚያዛባው ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ለስኪዞፍሬንያ፣ የሚያጋልጥ ጂን (ከወላጅ የሚወረስ የዘር መረጃ ክፍል) በ5ኛው ክሮሞሶም (ጂኖችን በተሸከመው የዘር ክር) ላይ እንዳለ ሲያመለክት፣ ሁለተኛው በሰሜን ስዊድን የሚገኝ አንድ ሰፊ የዘር ሐረግ ፈትሾ በዚያው ሥፍራ ምንም እንዳላገኘ ገለጸ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ሃያ ዓመታትም ነገሩ ደጋግሞ እንዲሁ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2002 ከአይስላንድ ኒውረጉሊን 1፣ ከአየርላንድ ቤተሰቦች ደግሞ ዲስባይንዲን የተባሉ ጂኖች በተጠርጣሪነት ቀረቡ፤ ሌሎች ቡድኖች ሲሞክሩት ግን አንዳንዶቹ አገኙት፣ አንዳንዶቹ አጡት። እ.ኤ.አ. በ2008 በሰፊው ይጠቀሱ የነበሩ 14 ጂኖች በ1,870 ታማሚዎችና ለንጽጽር በተመረጡ 2,002 ሰዎች ላይ ሲፈተኑ፣ አንዳቸውም አስተማማኝ ግንኙነት አላሳዩም።

ይህን የተመራማሪዎች ስንፍና አድርጌ አልቆጥረውም። የአንድ ጂን ድርሻ እጅግ አነስተኛ በሆነበት በሽታ ጥቂት መቶ ሰዎችን ብቻ የያዘ ጥናት፣ በአጋጣሚ የመጣውን ከእውነተኛው የሚለይበት አቅም የለውም፤ በዚያ ላይ «አገኘን» የሚለው ጽሑፍ ሲታተም «አላገኘንም» የሚለው ብዙ ጊዜ ሳይታተም ይቀራል። የታማሚዎቹና የንጽጽር ቡድኑ የዘር ምንጭ ካልተመሳሰለም፣ ከበሽታው ጋር የማይገናኝ ልዩነት የበሽታው ምክንያት መስሎ ይታያል።

ሆኖም የውጤት መለያየት ሁሉ ስሕተት አይደለም። በስኮትላንድ በአንድ ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ የ1ኛውና የ11ኛው ክሮሞሶም ክፍሎች ቦታ ተለዋውጠው ዲስክ 1 የተባለውን ጂን ቆርጠውታል። ይህን ለውጥ ከወረሱት ብዙዎቹ ታመዋል፤ ግን አንዱ በስኪዞፍሬንያ፣ ሌላው በባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ በሚልበት ሕመም)፣ ሌላው ደግሞ በከባድ ድብርት። ከዚያ ቤተሰብ ውጭ በብዙ ሺህ ታማሚዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ግን የዚህ ጂን የተለመዱ ልዩነቶች፣ ማለትም በብዙ ሰው ላይ የሚገኙት ትንንሽ ለውጦች፣ ጎልቶ የሚታይ ሚና አልነበራቸውም። ሁለቱም ግኝቶች እውነት ናቸው። ለአንድ ቤተሰብ ከባድ ክብደት ያለው ለውጥ ለሕዝቡ በጠቅላላ ምንም ላይገልጽ ይችላል፤ ጂኑም እኛ ለበሽታዎቹ ባወጣናቸው ስሞች ድንበር አይወሰንም።

እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ዓለም አቀፍ ጥናት 76,755 ታማሚዎችንና ለንጽጽር 243,649 ሰዎችን ይዞ ከበሽታው ጋር የተያያዙ 287 የዘረመል ሥፍራዎችን ለየ። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ግን የአውሮፓ የዘር ሐረግ ያላቸው ስለሆኑ፣ ከእንዲህ ያለ መረጃ የተቀመረው የተጋላጭነት ነጥብ (የብዙ ጂኖችን ትንንሽ ድርሻ ደምሮ የአንድን ሰው ተጋላጭነት የሚገምት ቁጥር) በአፍሪካ ሕዝቦች ላይ ሲሞከር አቅሙ በጣም ይቀንሳል። እኛን በቀጥታ የሚነካን አዲሱ አለመጣጣም ይህ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ተቋማት ጋር የተሳተፈበት ኒውሮጋፕ ሳይኮሲስ የተሰኘው ጥናት ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሣ ነው።

በመካከላችን ያሉ ቤተሰቦች «በዘር ይሄዳል ወይ?» ብለው ይጠይቁናል፤ ለጋብቻ ዘር በሚጠያየቅበት ሀገር ጥያቄው ቀላል አይደለም። ዝንባሌው ይወረሳል፤ ነገር ግን በዴንማርክ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ ተመሳሳይ መንትያው ከታመመበት ሰው እንኳ በበሽታው የመያዙ ዕድል 33 በመቶ ያህል ነበር። አብዛኞቹ ታማሚዎችም በዚህ በሽታ የታመመ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እኅት የላቸውም። ማን እንደሚታመም አስቀድሞ የሚነግር የዘረመል ምርመራ ዛሬ የለም፤ ስለዚህ በዘረመል ስም የአንዲትን ልጅ ትዳር የሚያፈርስ ሰው ከሳይንሱ ማስረጃ ሊጠቅስ አይችልም።

ዘረመላቸው እንዲመረመር ምራቃቸውን ለኒውሮጋፕ ጥናት የሰጡ ወገኖቻችን ከእኛ የሚጠብቁት አለ። ውጤቱ በእንግሊዝኛ መጽሔት ከወጣ በኋላ፣ የጸናውንም ያልጸናውንም ሳንደብቅ፣ ናሙናው በተሰበሰበባቸው ሆስፒታሎች በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እንድናስረዳቸው፣ ለዚህም በጀት በጥናቱ ዕቅድ ውስጥ ገና ከጅምሩ እንዲያዝ ባልደረቦቼን እጠይቃለሁ።