600 ኮዳችሁ ውስጥ ስንት ቦታ አለ?

እንደምን አመሻችሁ። አብዛኞቻችሁ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የምትሠሩ ወጣቶች ስለሆናችሁ ሳልዞር በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የደመወዝ ግብር ሰንጠረዥ ተቀይሯል። ከግብር ነፃ የነበረው የወር ገቢ 600 ብር ነበር፤ 2,000 ሆነ። ሰባት የነበሩት እርከኖች ስድስት ሆኑ። ለሠራተኛው ደስ የሚል ዜና ነው። የደመወዝ ፕሮግራም ይዞ ለተቀመጠ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይዞ መጣ፦ 600 ኮዱ ውስጥ ስንት ቦታ ተጽፏል?

አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ሥራው ሻይ እስኪመጣ ያልቃል። በየፋይሉ ከተበተነ ግን ጣጣ ነው። ምክንያቱም እያንዳንዱ 600 የግብር 600 አይደለም። አንዱ የትራንስፖርት አበል ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በአንዴ ፈልጋችሁ ብትቀይሩ የሰው አበል ትነካላችሁ። አንድ በአንድ ብታዩ ደግሞ አንዱ ያመልጣችኋል። ንጹሕ ኮድ ስል ለዓይን የሚያምር ማለቴ አይደለም። ሕግ ሲቀየር የት እንደሚነካ የሚታወቅ ኮድ ማለቴ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ስም ስጡት። እርከኖቹን በሙሉ አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ አስቀምጡ፤ ግብር የሚያሰላው ፋንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራው የኮድ ክፍል፣ ከዚያ ያንብብ። ፋንክሽኑ ግብር ማስላት ብቻ ይሁን ሥራው። ኤክሴል መጻፍና ኢሜይል መላክ የሌላ ፋንክሽን ሥራ ነው።

አዲሱ ሰንጠረዥ ሲመጣ ደግሞ አሮጌውን አትሰርዙ። ኦዲተር መጥቶ የሰኔን ደመወዝ እንደገና አውጡልኝ ቢል በምን ልታሰሉለት ነው? እያንዳንዱ ሰንጠረዥ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ አብሮት ይጻፍ። ፋንክሽኑም ደመወዙን ብቻ ሳይሆን ወሩንም ይቀበል። 10,000 ብር የሚከፈለው ሰው በሰኔ 2017 ግብሩ 2,045 ብር ነበር፤ በሐምሌ 1,650 ሆነ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ኮዳችሁ ሁለቱንም ማወቅ አለበት።

እዚህ ላይ ስለ ቀን ትንሽ ልበል፤ እኛ አገር ብዙ የሚያስቸግረን እሱ ነው። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው የቀን ዓይነት የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጳጉሜን 13ኛ ወር ብላችሁ ብትሰጡት ኤረር ያወጣል። ይሄ እንኳን ደግ ነው፤ ቢያንስ ተናገረ። አደጋው የሚመጣው ሐምሌ 1 ቀን 2017ን ሳትቀይሩ ስትሰጡት ነው። ኖቬምበር 1 ቀን 2017 አድርጎ ዝም ብሎ ይቀበላችኋል። ሰባት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ያን ጊዜ ፋንክሽናችሁ የሚያነሣው አሮጌውን ሰንጠረዥ ነው። 10,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ያለ አግባብ 395 ብር ይቆረጥበታል፤ ማንም ኤረር አላየም። ቀኑን የሚይዘውን ቫሪያብል፣ ማለትም በኮዱ ውስጥ ያለውን ስም፣ "ቀን" ብቻ አትበሉት። የኢትዮጵያ ይሁን የፈረንጅ ከስሙ ይታወቅ።

ስም ካነሣን አይቀር፣ ፓይተን 3 በፊደላችን ቫሪያብል መሰየም ይፈቅዳል። ደስ ይላል። ግን በንጉሡ "ሠ" የተጻፈ ሠራተኛና በእሳቱ "ሰ" የተጻፈ ሰራተኛ ለእሱ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ቡድናችሁ በአንዱ አጻጻፍ ካልተስማማ ባታደርጉት እመክራለሁ።

ስለ አጻጻፍ ሥርዓቱ ብዙ አልልም። ፔፕ 8 የሚባለው የፓይተን አጻጻፍ መመሪያ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ለእያንዳንዱ ደረጃ አራት ክፍት ቦታ ግቡ ይላል፣ ሌላም ሌላም። ይህን ኮድን በራሳቸው ለሚያስተካክሉት ፕሮግራሞች፣ ለብላክ ወይም ለራፍ ተዉት። አንዱ የሌላውን ኮድ በሚያይበት በሪቪው ላይ ስለ ክፍት ቦታ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

የምር የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ኤረርን አፍኖ ማለፍ። ኤክሴል ላይ የአንዲት ሠራተኛ ደመወዝ "12,000" ተብሎ ከነኮማው በጽሑፍ ገብቷል እንበል። ፓይተን ይህን ወደ ቁጥር ልቀይር ሲል ኮማው ላይ ይወድቃል። ፕሮግራመሩ ግን ምንም ዓይነት ኤረር ቢመጣ "እለፈው" ብሎ ጽፏል። ፕሮግራሙ አለፈው። ዝርዝሩ ያለ እሷ ወጣ፣ ወደ ባንክ ሄደ። የወሩ መጨረሻ ላይ ደመወዝ ያልገባላት ሰው አለች፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሁሉ ሰላም ነው ይላል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የምትጠብቁትን ኤረር በስሙ ያዙ፤ የማንን መዝገብ፣ ስንተኛው ረድፍ ላይ እንደሆነ አሳውቁ። የማትጠብቁት ከመጣ ፕሮግራሙ ይቁም። የቆመ ፕሮግራም ሰው ይጠራል።

ብርን ደግሞ በፍሎት፣ ማለትም ነጥብ ያለውን ቁጥር በግምት በሚይዘው የቁጥር ዓይነት፣ አታስሉ። ፓይተን ላይ 0.1 እና 0.2 ደምሩና እዩት፤ 0.30000000000000004 ይላችኋል። ቁጥሩን በትክክል የሚይዘው ዴሲማል ከፓይተን ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ እሱን ተጠቀሙ።

ኮሜንት፣ ማለትም ኮዱ ውስጥ ለሰው የሚጻፍ ማስታወሻ፣ ስትጽፉ ኮዱ ምን እንደሚያደርግ አትድገሙ። ለምን እንደሆነ ጻፉ። ሰንጠረዡ አናት ላይ የግብር አዋጁ ቁጥር ይኑር። ከሦስት ዓመት በኋላ ይህን ፋይል የሚከፍተው ሰው እናንተን ላያገኛችሁ ይችላል፤ አዋጁን ግን ያገኘዋል።

ብዙዎቻችሁ ሌላ ሰው የጻፈው፣ የተዘበራረቀ ኮድ እንደተረከባችሁ አውቃለሁ። እንደገና ከዜሮ ልጻፈው አትበሉ። መጀመሪያ ፓይቴስት በሚባለው መሣሪያ ቴስት፣ ማለትም ኮዱ ትክክለኛ መልስ መስጠቱን የሚፈትሽ ኮድ፣ ጻፉለት። 10,000 በሰኔ 2,045፣ በሐምሌ 1,650። ከዚያ ድንበሮቹን፦ 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ 2,100 ብር ላይ 15 ብር ነው። ቴስቶቹ ካለፉ በኋላ አንድ ፋንክሽን ብቻ አስተካክሉ፣ እንደገና አስኬዱ፣ ለውጡን መዝግባችሁ አስቀምጡ (ኮሚት አድርጉ)። ቀጣዩን ለነገ አቆዩት።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ፤ ኮድ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ክፈቱትና አብረን እንየው።