የጥንቸል ሆድ ሥራ ሲያቆም

(ምስል፦ ድርቆሽ የምትበላ ጥንቸል፣ አፏ ከቅርብ)

አፏን ልብ ብላችሁ እዩት። መንጋጋዋ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ነው የሚፈጨው። በዚህ መሀል ጥርሷም ይሞረዳል። መሞረድ ደግሞ አለበት። 28ቱም ጥርሶቿ ዕድሜ ልክ ያድጋሉ፤ የፊቶቹ በሳምንት ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማሉ።

ድርቆሽና ሣር ሳታገኝ በጥራጥሬ ብቻ ከኖረች የመንጋጋ ጥርሶቿ ጠርዝ ይሾላል። የታችኞቹ ምላሷን፣ የላይኞቹ ጉንጯን ይወጋሉ። ያኔ ምግብ ታነሳና መልሳ ትጥላለች። አገጯ በለሃጭ ይርሳል። አንዳንዴ ዓይኗ ያነባል፤ የጥርሱ ሥር የእንባውን ቱቦ ተጭኖታል ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ጥንቸል ከአይጥ ወገን አይደለችም። ከላይኞቹ ሁለት ትልልቅ የፊት ጥርሶች ጀርባ ሌሎች ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ተደብቀዋል። አይጥ እነዚህ የሏትም።

(ምስል፦ የሆድ ዕቃ ሥዕል፤ ዕውር አንጀት በቀለም ተለይቶ)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ ወደ ሆዷ። ይህ ሰፊ ከረጢት ዕውር አንጀት ይባላል። ሻካራው የምግብ ክፍል ቶሎ አልፎ ደረቅ በጠጥ ሆኖ ይወጣል። የላመው ግን ወደዚህ ከረጢት ይመለሳል፤ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ከዚያ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ፣ ለስላሳና የሚያብለጨልጭ በጠጥ ሆኖ ይወጣል። ጥንቸሏ ጎንበስ ብላ ከፊንጢጣዋ በቀጥታ ትበላዋለች። ያስጠላል አይደል? ለእሷ ግን ፕሮቲንና ቫይታሚን ቢ ነው፤ እንዳትከለክሏት። ይልቅ ወለሉ ላይ ሳይበላ ተጨፍልቆ ካገኛችሁት ጠርጥሩ። ወይ ጥራጥሬና ጣፋጭ በዝቶባታል፣ ወይ ወፍራለች፣ ወይ ወገቧን አሟት መድረስ አቅቷታል።

ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ሻካራው ቃጫ ነው። ቃጫ ሲያንስ፣ ሲያማት ወይም ስትደነግጥ አንጀቷ ይዝላል። ጋዝ ይሞላል፣ ጋዙ ያማታል፣ ሲያማት ጭራሽ አትበላም። ማስታወክ ደግሞ አትችልም። በዚህ ላይ ጥንቸል በአዳኝ የምትበላ እንስሳ ናትና ሕመሟን ትደብቃለች፤ ጩኸት አትጠብቁ። የሚናገረው በጠጧ ነው፦ መጀመሪያ ያንሳል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ይቆማል። እሷም ጥግ ይዛ ትኮራመታለች፣ ጥርሷን ታፋጫለች።

12 ሰዓት ያህል ካልበላች ድንገተኛ ሕመም ነው። «እስኪ ነገ እንያት» አይሠራም። በጉልበት ለማጉረስም አትቸኩሉ። አንጀቷ ተዘግቶ ከሆነ ይብስባታል፤ ሐኪሙ መጀመሪያ በራጅ ያያል። ከዚያ ፈሳሽ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ ቀጥሎም በሲሪንጅ መመገብ ይመጣል።

(ምስል፦ ጥንቸል አንድ እጅ ደረቷ ሥር፣ አንድ እጅ መቀመጫዋ ሥር ሆኖ ስትነሳ)

አያያዟንም እዩ። አጥንቷ ከክብደቷ 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የኋላ እግሯ ጡንቻ ግን ብርቱ ነው። ተንጠልጥላ ከተራገጠች የራሷን አከርካሪ ልትሰብር ትችላለች። በጆሮ ማንሳትማ ጭራሽ አይታሰብ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እንያቸው። የፊት እግሮቿ የውስጥ ፀጉር በንፍጥ ተጣብቆ ካያችሁ አፍንጫዋን እየጠረገችበት ነው። ጥንቸል የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ ስለሆነ አፏን ከፍታ መተንፈስ ከጀመረች ጉዳዩ ከብዷል። ጆሮዋ ውስጥ ቡናማ ቅርፊት ካለ የጆሮ እከክ ነው፤ ቅርፊቱን አትላጡት፣ በጣም ያማታል። ያልተመከነች ሴት ጥንቸል ዕድሜዋ ሲገፋ የማህፀን ካንሰር በብዛት ይይዛታል፤ ስለዚህ በጊዜ ማምከን ይመከራል። ቀይ ሽንት ሁሉ ግን ደም አይደለም። ከምትበላው ተክል የሚመጣ ቀለም ሊሆን ይችላል፤ ምርመራ ይለየዋል።

መድኃኒት ላይ አደራ። ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን በአፍ ከተሰጣት ጥሩዎቹን ባክቴሪያዎች ያጠፋና መርዛማዎቹ እንዲራቡ መንገድ ይከፍታል። ትሞታለች። ለውሻ ቁንጫ የሚረጨው ፊፕሮኒልም ለጥንቸል መርዝ ነው።

ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ካላት ደግሞ ከማታ ጀምራችሁ ምግብ አትከልክሏት። ውሻና ድመት የሚጾሙት በማደንዘዣ እንዳያስታውኩ ነው፤ እሷ አታስታውክም። ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ ድርቆሹን አታንሱባት። ስትነቃም መብላት መጀመሯንና በጠጥ መጣሏን ተከታተሉ።